ክንፉ ሳይሸፈን

ይህን ጽሑፍ የምንጀምረው በኑዛዜ ነው። ባለፈው ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በኳስ ሜዳችን ጠርዝ ቆመን በገዛ ወንድማችን ላይ ስቀናል። ወንድማችን የቴክኖሎጂ ተማሪ ነው፤ ስሙን አንጽፍም፤ የሚያውቁት ያውቁታል። ከቀርከሃ፣ ከስስ ላስቲክና ከአሮጌ መጫወቻ ከተፈታ ሞተር ሁለት ክንድ የምትሆን አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠርቶ ነበር። ሥራውን ሁለት መንፈቅ ሙሉ ከአልጋው ሥር ደብቆ ያዘው። አብሮት የሚያድረው ጓደኛው እንኳ በአንሶላ ተሸፍና ከማየት በቀር ምን እንደሆነች አያውቅም ነበር። ያን ቅዳሜ ግን ድፍረት አገኘና ይዟት ወጣ። ከእጁ እንደተለቀቀች አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና አደረገች፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል በአየር ላይ ቆመች፤ ከዚያም በጅራቷ ወርዳ ከመሬት ተላተመች። እኛም ሳቅን። ከመካከላችን አንዱ «ይቺስ ዶሮ ናት!» አለ። በማግሥቱ ባለው ሳምንት ወንድማችን ወደ ምግብ አዳራሽ በገባ ቁጥር እንደ ዶሮ የሚያስካካበት አልጠፋም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ረስተነው ነበር። ነገር ግን በሳምንቱ አጋማሽ የዩኒቨርሲቲው አናጺ የተሰበረ በር ሊጠግኑ ወደዚያው መኝታ ክፍል መጡ። ስብርባሪዋን ከጥግ ተጥላ አዩና አነሧት፤ ከክንፏ ሥር ሁለት ጣታቸውን ሰደው ሚዛኗን ለኩ። «ልጆች፣ ጅራቷ ከብዷል እኮ» አሉ። «ምነው ለእኔ አላሳያችሁኝም? አፍንጫዋ ላይ ትንሽ ብረት ብታስሩላት ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር።» ወንድማችን «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ አይሮፕላን ያውቃሉ?» ቢላቸው «አይሮፕላን አላውቅም፤ ሚዛን ግን አውቃለሁ» ብለው ወደ በራቸው ተመለሱ። ጋሼ ይህን ለመናገር የፈጀባቸው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። የሚሠሩበትም ቤት ከወንድማችን አልጋ 200 እርምጃ አይርቅም።

እንግዲህ የሁለት መንፈቅ ድካም በአንዲት ደቂቃ ምክር ሊድን ይችል ነበር ማለት ነው። ታዲያ ያቺን ደቂቃ ማን ከለከላት? እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ነን፤ ስለ ክንፍና ስለ ሞተር የምናውቀው ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ ግን አልለቀቀንም። ስለዚህ በየቤታቸው አይሮፕላን ስለሚሠሩ ሰዎችና በየወሩ ስለሚገናኙባቸው ክበቦች ያገኘነውን ሁሉ ማንበብ ያዝን። ያነበብነውን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ማካፈል የፈለግነው፣ ነገሩ ከሩቅ አገር የመጣ ቢሆንም ፍርዱ እኛ ላይ ስለሚወድቅ ነው።

በአሜሪካ አገር፣ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት፣ በሚልዋኪ ከተማ አጠገብ፣ ፖል ፖበሬዝኒ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በጥር 1953 እንደ እሱ አይሮፕላን በእጃቸው የመሥራት ፍቅር ያደረባቸውን ጥቂት ሰዎች ሰብስቦ አንድ ማኅበር አቋቋመ። ስሙንም ኤክስፐሪሜንታል ኤርክራፍት አሶሲዬሽን አሉት፤ የሙከራ አይሮፕላን ማኅበር እንደማለት ነው። ጽሕፈት ቤቱ በሄልስ ኮርነርስ መንደር የሚገኘው የፖበሬዝኒ መኖሪያ ቤት ምድር ቤት ነበር። ባለቤቱ ኦድሪ ደብዳቤውን ትተይባለች፤ ለአባላቱ የሚላከውም ወረቀት አሁን በእጃችሁ እንደያዛችሁት መጽሔት በማባዣ መኪና ይባዛ ነበር። ዛሬ ያ ማኅበር ከ900 የሚበልጡ የአጥቢያ ክበቦች አሉት። ከ1970 ጀምሮ በየዓመቱ በኦሽኮሽ ከተማ በሚያደርገው የበጋ ጉባኤ ከ10,000 የሚበልጡ አይሮፕላኖች ይመጣሉ።

ስለ ኦሽኮሽ ብዙ መጻፍ ይቻላል። እኛን የሳበን ግን ትልቁ ትዕይንት አይደለም። የሳበን በየአጥቢያው፣ በየወሩ፣ ያለ ከበሮና ያለ ነጋሪት የሚደረገው ስብሰባ ነው።

አንድ የአጥቢያ ክበብ በወር ውስጥ የሚያደርገውን እንይ። በወሩ አንድ ምሽት አባላቱ በአይሮፕላን ማሳደሪያ አዳራሽ ወይም በአንዱ ሰው ጋራዥ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ታጣፊ ወንበር ይዘረጋል፤ ቡና ይቀርባል። ጸሐፊው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ያነባል፤ ገንዘብ ያዡ በሣጥን ያለውን ይናገራል፤ ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ዋናው ጉዳይ ይመጣል፤ እሱም «ምን ላይ ደረስክ?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንዱ ተነሥቶ የክንፉን ዋልታ እንደጨረሰ ይናገራል። ሌላው ነዳጅ ማጠራቀሚያው እንዳፈሰሰበትና ሁለት ጊዜ ፈትቶ እንደገጠመው ያወራል። ሦስተኛው በላሜራው ላይ ቀዳዳ አሳስቶ በመብሳቱ ላሜራውን ጥሎ እንደገና እንደቆረጠ ሳያፍር ይነግራቸዋል፤ እንዴት እንዳሳሳተም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ያሳያል። አንድ ሰው ስለ ሞተር ማቀዝቀዣ ወይም ስለ ብየዳ ንግግር ያደርጋል። ከዚያ ሰዉ ወደ መጨረሻው ክፍል ያልፋል፤ ይኸውም በእጅ መንካት ነው። የመጣው ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሁሉም ያገላብጠዋል፣ በጥፍሩ ይሞክረዋል፣ ወደ መብራት አስጠግቶ ያየዋል።

በሌላ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ጧት፣ ክበቡ ቁርስ ያዘጋጃል። አባላቱ ራሳቸው ሽርጥ አሥረው ፓንኬክ የሚሉትን እንጎቻ መሳይ ቂጣ ይጋግራሉ፤ የአካባቢው ሰው ገዝቶ ይበላል፤ የተገኘው ገንዘብ ለክበቡ ወጪና ወጣቶችን ለማስተማሪያ ይውላል። ከ1992 ጀምሮ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ያለ ክፍያ ወደ አየር እያወጡ የሚያሳዩበት ልማድ አላቸው። በዚህ መንገድ ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆች በርረዋል። ይህን የሚያደርጉት አብራሪዎች ነዳጁን የሚሞሉት ከየኪሳቸው ነው።

አባላቱ እነማን ናቸው? ገበሬ አለ፤ የጥርስ ሐኪም አለ፤ አስተማሪ፣ መካኒክ፣ ጡረተኛ ወታደር አለ። በስብሰባው ውስጥ ግን ማዕረግ አይሠራም። ዶክተሩ የበየደው ብረት ስንጥቅ ካለበት መካኒኩ «ይህ አይሆንም» ይለዋል፤ ዶክተሩም አመስግኖ ይወስደዋል። በእኛ አገር ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፎ ማለፍ ቀላል ነው፤ መፈጸም ግን ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ጽሑፋችን ልብ ደርሰናል። እነዚህ ክበቦች የቴክኒክ መካሪዎች የሚሏቸው ሰዎች አሏቸው። መካሪው አስቀድሞ አይሮፕላን የሠራ ወይም በሙያው የጠለቀ አባል ነው፤ ደመወዝ አይከፈለውም። ሥራው ወደ ሠሪው ጋራዥ ሄዶ የተሠራውን መመርመር ነው። የሚሄደውም ሥራው ሲያልቅ ብቻ አይደለም፤ በመካከል፣ በተለይም ክንፉ ሳይሸፈን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአይሮፕላን ክንፍ እንደ በግ ደረት ነው፤ ውስጡ ዋልታና ጎድን አለው፤ ላዩ በአሉሚኒየም ላሜራ፣ በኮምፔንሳቶ ወይም በጨርቅ ይሸፈናል። ላሜራው በሪቬት ከተመታ በኋላ ውስጡ አይታይም። የላላ ዳዶ፣ የተሰነጠቀ ጎድን፣ ያልያዘ ሙጫ ከዚያ ወዲያ በሽፋኑ ሥር ተቀብሮ ይቀራል፤ የሚገለጠውም በሰማይ ላይ ነው። ከላይ ያማረ ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ክንፍ ስለ ውስጡ ምንም አይናገርም። ስለዚህ መካሪው የሚመጣው ጎድኑ ገና ራቁቱን ሳለ ነው። ሠሪው ያልጨረሰውን፣ ያልተቀባውን፣ የሚያፍርበትን ሥራ ገልጦ ያሳያል፤ መካሪውም ጣቱን ሰዶ ጉድለቱን ይፈልጋል። ጉድለት ያገኘ እንደሆነ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። አንድ ሰው ከሞት ድኗልና።

የአሜሪካ ሕግም ይህን መንፈስ የተከተለ ነው። አይሮፕላኑ የአማተር ሥራ ተብሎ እንዲመዘገብ ከግማሽ የሚበልጠው ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በሠሩ ሰዎች እጅ መሠራት አለበት። ስለዚህ ሠሪው በየቀኑ የሠራውን በመዝገብ ይጽፋል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል። በመጨረሻ የመንግሥት መርማሪ ወይም ወኪሉ ያየዋል። ከዚያም በኋላ አይሮፕላኑ እንደ ሞተሩና እንደ ፕሮፔለሩ ዓይነት 25 ወይም 40 ሰዓት መንገደኛ ሳይጫንበት በተወሰነ ክልል ብቻ እየበረረ ይፈተናል። የሙከራ ሥራ መሆኑን የሚገልጥ ቃልም ገቢው ሁሉ እንዲያየው በጉልህ ይጻፍበታል። «እኔ ፍጹም ነኝ» ብሎ የሚነሣ ነገር አይደለም፤ «እኔ ሙከራ ነኝ» ብሎ የሚነሣ ነው።

ይህ ጥንቃቄ በብዙ ሐዘን የተገዛ ነው። አንሪ ሚኜ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1933 ሁለት ክንፎቿ ፊትና ኋላ የሆኑ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠርቶ በረረባት። በ1934 ደግሞ አሠራሯን በመጽሐፍ አወጣ። እንግሊዞች «በራሪ ቁንጫ» አሏት። መጋዝና መዶሻ የያዘ ሁሉ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ቁንጫ መሥራት ጀመረ። ፍቅሩ እውነተኛ ነበር፤ ድፍረቱም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን አይሮፕላኖቹ አፍንጫቸውን ደፍተው ይወድቁ ጀመር፤ ሰዎችም ሞቱ። በ1936 በሁለቱ አገሮች በትልቅ የነፋስ ዋሻ ውስጥ ሲመረመር ምስጢሩ ተገኘ። ሁለቱ ክንፎች ከመቀራረባቸው የተነሣ፣ አፍንጫዋ ከተወሰነ ልክ በላይ ካዘቀዘቀች አብራሪው መሪውን ቢስብም ቀና ልትል አትችልም ነበር። በረራዋ ተከለከለ። ጉድለቱ ተስተካክሎ የሚኜ ዘር የሆኑ አይሮፕላኖች ኋላ በሰላም በርረዋል፤ የሞቱት ግን አልተመለሱም። እንግዲህ ድፍረት ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ቁንጫዋ ምስክር ናት። ድፍረትና ምርመራ አብረው ሲሄዱ ምን እንደሚያመጡ ደግሞ ሌላ ምስክር አለ። በርት ሩታን ለቤት ሠሪዎች ፕላን እየነደፈ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። እሱ የነደፋት ቮየጀር በካሊፎርኒያ በሞሃቪ በረሃ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በጥቂት ሰዎች እጅ ተሠርታ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1986 ወንድሙን ዲክ ሩታንንና ጂና ዬገርን ይዛ ሳታርፍና ነዳጅ ሳትጨምር በ9 ቀን ዓለምን ዞረች። ይህን ከዚያ በፊት ማንም መንግሥት አላደረገውም።

አንባቢ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ሁለት ነገር እናስታውሰው።

አንደኛው ከ1928 ዓ.ም. ነው። ፋሺስት ጣልያን አገራችንን በወረረ በዚያው ዘመን ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ አንዲት አይሮፕላን ሠርቶ አበረረ። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ወራሪው ወሰዳት፤ በጣልያን አገር በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ቤተ መዘክር ብዙ ዘመን ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በተመለሰች ጊዜ ሁላችንም ኩራት ተሰማን፤ የሚገባም ነው። ግን እስኪ ራሳችንን እንጠይቅ፤ የቬበርን ስም ያነበብን ሁሉ እንጠራለን፤ ጎድኗን የላጉትን፣ ቡሎኗን ያጠበቁትን ያገራችንን ሰዎች ስም ከእኛ መካከል ስንቱ ይጠራል? የታሪክ ተማሪዎች ነን እያልን የሥራውን ፍሬ እናወድሳለን፤ የሠራውን እጅ ስም ለመፈለግ ግን አልተነሣንም።

ሁለተኛው ቅርብ ነው። አቶ አስመላሽ ዘፈሩ የጤና ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። አይሮፕላን ሥራን ግን ከመጻሕፍትና ከዩትዩብ እየለቃቀሙ በራሳቸው ተማሩ። የቮልስዋገን ሞተር ገጥመው አንዲት አይሮፕላን ሠሩ። ስሟን ኬ-570ኤ አሏት፤ «ኬ» የእናታቸው የኪሮስ ስም መነሻ ነው፤ 570 የደከሙባት ቀን ቁጥር ነው። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ያደረጉት የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም። ያን ጊዜ ወሬውን የሰማ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ሲል እናስታውሳለን፤ ግማሹ «ጀግና» አለ፤ ግማሹ «እብድ» አለ። «ልምጣና አብረን እንየው» ያለ ስንት ነበር? በአሜሪካ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖር ሠሪ በወር አንድ ጊዜ ሃያ ሠላሳ መርማሪ ዓይን ያገኛል። እሳቸው በ570 ቀን ውስጥ ይህን ያህል ዓይን አግኝተው ነበር ብለን አናምንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። እኛ ግን ሃምሳውንም ሎሚ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ጭነን፣ ሲንገዳገድ ቆመን ልናጨበጭብ ወይም ልንስቅ እንወዳለን።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። በዩኒቨርሲቲያችን የጎደለው ገንዘብና መሣሪያ ብቻ አይደለም። የጎደለን ያልተሸፈነ ሥራ የምናሳይበት ቦታ ነው። እኛ ሁሉን ነገር ሸፍነን ማቅረብ እንወዳለን። የመመረቂያ ጽሑፋችንን አማካሪያችን እንኳ የሚያየው ተጠርዞ ሊቀርብ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ግጥም የሚጽፍ ጓደኛችን ደብተሩን ከትራሱ ሥር ያኖራል፤ የሚያወጣው ለውድድር ነው። የቴክኖሎጂ ወንድሞቻችን የሠሩትን ማሽን የምናየው ባለሥልጣን በተጋበዘበት፣ ሪባን በሚቆረጥበት ቀን ነው። ያን ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር ቀለም ተቀብቷል። ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚሰጥ ትችት አይጠቅምም፤ ያቆስላል እንጂ። ስለዚህ ወይ እናጨበጭባለን ወይ እንሳለቃለን። ሦስተኛ ነገር አልለመድንም። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለዋል፤ ለመደበቅ ግን ምክንያት የሰጠነው እኛው ሳቂዎቹ ነን።

ከዚህም የሚከፋ ሥር አለ፤ ሳንሸሽግ እንናገረው። እጅን የመናቅ ጠባይ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ቡዳ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራውን በክፉ ስም እየጠራን የኖርን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛም «ቡዳ» ብለን አንሳደብም፤ የተማርን ነና። ነገር ግን ጋሼን በሩን ሲጠግኑ በኮሪደሩ አልፈናቸው ስንሄድ ስንቶቻችን እንዲያስተምሩን የጠየቅናቸው? ወንድማችን አምስት የመካኒክስ መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ ነበር፤ 200 እርምጃ ሄዶ አናጺውን መጠየቅ ግን በአሳቡ አልመጣም። «እርስዎ ደግሞ አይሮፕላን ያውቃሉ?» ያለውም ከልቡ ተደንቆ ነው። እሱን አንወቅስም፤ በእሱ ቦታ ብንሆን እኛም ይህንኑ እንል ነበርና።

መቃወሚያዎች እንዳሉ እናውቃለን። «አይሮፕላን የሀብታም ጨዋታ ነው» የሚል አለ። እውነት ነው፤ በአሜሪካም ቢሆን ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ ብዙዎች ጀምረው ይተዉታል። እኛ ግን ሰው የሚጫንበት አይሮፕላን እንሥራ አላልንም። አንድ የክንፍ ጎድን ለመሥራት ስስ እንጨት፣ ሙጫና መጋዝ ይበቃል። ሌላውን ምናለሽ ተራ አንድ ቅዳሜ የዞረ ሰው ያገኘዋል። «አደገኛ ነው» የሚል አለ። ለዚህም የቁንጫዋን ታሪክ አስቀድመን ነግረናል፤ አደጋው ያለው በመሥራት ውስጥ ሳይሆን ሳያስመረምሩ በመሥራት ውስጥ ነው። ማንኛውንም ነገር ወደ አየር ማውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ እንደሆነ ፈቃዱ ይጠየቃል፤ እስኪገኝ ድረስ በምድር ላይ የሚሠራው ሞልቷል። «ጊዜ የለም» የሚልም አለ። ለእሱ ብቻ ትንሽ ፈገግ ብለን እንመልስለታለን። እኛ ራሳችን አባል የሆንበት አንድ ክበብ አለ። በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ 4 ላይ ሦስት ስብሰባ ሙሉ ተከራክረናል፤ «ድር ቢያብር» ብሎ ንግግሩን ያልጀመረ ተናጋሪም አልነበረም። ክበቡ እስከ ዛሬ የሠራው ነገር ቢኖር ማኅተም ማስቀረጽ ነው። ያን ጊዜ ያገኘ ተማሪ አንድ ጎድን መላግ አያቅተውም።

«የአርትስ ተማሪ ከላሜራ ጋር ምን አለው?» የሚለን ደግሞ ከሁሉም የሚከብድ ጥያቄ ጠይቆናል። የምንመልሰው ይህን ነው፤ ያ ሽፋንን የማስቀደም ጠባይ የተወለደው በእኛ ክፍል ነው። ያማረ ዓረፍተ ነገር ከባዶ አሳብ በላይ ዘርግተን የምናልፍ እኛ ነን። አንድ የክንፍ ጎድን በእጃችን ይዘን ሸክሙን የሚችልበትንና የማይችልበትን ቦታ ብናይ፣ ወደ ጽሑፋችን ስንመለስ የትኛው ዓረፍተ ነገር ዋልታ እንደሆነ፣ የትኛው ቀለም ብቻ እንደሆነ መለየት እንጀምር ይሆናል። ሥራም አናጣም። የፖበሬዝኒ ማኅበር ያደገው በሰዎቹ መዶሻ ብቻ አልነበረም፤ በኦድሪ የጽሕፈት መኪናም ጭምር ነው። አንዱ ጋራዥ ውስጥ የተማረውን ሌላው ጋራዥ ያወቀው በዚያ በተባዛ ወረቀት ነውና። የወደቀውን ነገር ሳያሳምር፣ ያልሆነውንም ሳይጨምር የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን የምናቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከቀኑ በ8 ሰዓት፣ አንድ ክፍል ይሰጠን። ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት አንመርጥም። ሦስት ልማድ ብቻ ይኑር። መጀመሪያ፣ የሚመጣ ሰው ያላለቀ ነገር ይዞ ይምጣ፤ ጎድን ይሁን፣ የውሃ መሳቢያ ይሁን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አንድ ምዕራፍ ይሁን፤ ያለቀና ቀለም የተቀባ ነገር አይገባም። ቀጥሎ፣ ጉድለት ያገኘ ሰው ጉድለቱን በጣቱ ያሳይ፣ መላውንም ለመፈለግ አብሮ ይቀመጥ፤ በሩቅ ሆኖ መሳቅ ክልክል ነው። በመጨረሻም፣ ስብሰባው ሲከፈት ባለፈው ወር የተበላሸበት ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ የተሳካለት ኋላ ይደርሰዋል። ጋሼንም፣ የብየዳውን ሠራተኛ፣ የኤሌክትሪኩን ሠራተኛ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ መምህር እንጥራቸው። ወንበሩን እኛ እንዘረጋለን፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን፤ ቃለ ጉባኤውን እኛ እንጽፋለን።

ይህን ጽሑፍ ወደ ማባዣው ከመስጠታችን በፊት ወደዚያ ወንድማችን ክፍል ሄደን ነበር። ስለ ሳቃችን ይቅርታ ጠየቅነው። «ኧረ ተዉት፣ አልፏል» አለን፤ ያላለፈ መሆኑ ግን ከፊቱ ይነበባል። አይሮፕላኗ ከቁም ሣጥኑ ላይ ናት፤ ያው በአንሶላ ተሸፍናለች። አንሶላውን ገልጠን ለማየት ብንጠይቀው ጥቂት ካመነታ በኋላ ራሱ ገለጠልን። የተሰበረው ክንፍ ተጠግኗል። ከአፍንጫዋ ሥርም አንድ ትልቅ ዳዶ በክር ታስሮ አየን። ሞክሯት እንደሆነ ጠየቅነው። አልሞከራትም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ይዟት እንዲመጣ ለምነነዋል፤ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠንም። መልሱ የሚወሰነው በእሱ ብቻ አይደለም። በዚያ ክፍል ውስጥ ማን ተቀምጦ እንደሚጠብቀው አይቶ ነው የሚወስነው።